የትራክተር ሃይድሮሊክ ሲዳከም፦ ፓምፕ ከመለወጥ በፊት መመርመር ያለባቸው ነገሮች

ለአነስተኛ ትራክተር ባለንብረቶች፣ ለኦፕሬተሮችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ መረጃ

ማረሻውን የሚያነሳውና የሚያወርደው፣ የፊት ሎደር ባለው ትራክተር ላይ ሎደሩን የሚያንቀሳቅሰው፣ በብዙ ትራክተሮችም ላይ መሪውን የሚያቀለው የሃይድሮሊክ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ሲዳከም ሞተሩ ምንም ያህል ጤናማ ቢሆን ትራክተሩ ከማሳው ዳር ይቆማል። ድክመቱ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ሥርዓቱ ያለ ዕረፍት በሚሠራበት የእርሻና የዘር ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ ለማመዛዘን ፋታ አያገኝም፤ ዝናቡ ሳያልፍበት ትራክተሩን ወደ ሥራ ለመመለስ ሲል የቀረበለትን የመጀመሪያ ምክር ይቀበላል።

በተደጋጋሚ የሚሰማው ምክር «ፓምፑ አልቋል፣ ይለወጥ» የሚል ነው። ፓምፕ ውድ ዕቃ ነው፤ ለትራክተሩ ሞዴል የሚስማማውም በቅርብ ገበያ ላይ ወዲያው ላይገኝ ይችላል። ሆኖም የማንሻ ድክመት ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ዘይቱ ፓምፑ ጋ ከመድረሱ በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው። የጎደለ ዘይት፣ የተደፈነ ማጣሪያ፣ በላላ ማሰሪያ የሚገባ አየር ወይም ተገቢ ያልሆነ ዘይት ጤናማውን ፓምፕ የሞተ ያስመስሉታል። መንስኤው ሳይወገድ አዲስ ፓምፕ ቢገጠም፣ የቀድሞውን ያበላሸው ችግር አዲሱንም ያበላሸዋል።

በመሆኑም ምርመራው ወጪ ከማያስከትለው ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ውዱ መሄድ ይኖርበታል። ባለንብረቱ ወይም ኦፕሬተሩ ራሱ ሊያከናውናቸው የሚችላቸው፣ ለባለሙያ ብቻ ሊተዉ የሚገባቸውና ለሕይወት አደገኛ በመሆናቸው ፈጽሞ ሊደረጉ የማይገባቸው ተግባራት ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ቀርበዋል።

1. ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

በአነስተኛ ትራክተር ላይ ያለው የሃይድሮሊክ ሥርዓት አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነዚህም የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ማጣሪያ (በጋራዥ አጠራር ፊልትሮ)፣ በሞተሩ ኃይል የሚዞር ፓምፕ፣ ኦፕሬተሩ በእጀታ የሚያዘው ቫልቭ እና ሥራውን የሚፈጽመው ሲሊንደር ናቸው። በብዙ አነስተኛ ትራክተሮች ላይ ለሃይድሮሊክ የተለየ ጋን የለም፤ ለካምቢዮ፣ በዘይት ውስጥ ለሚሠራው ፍሬንና ለሃይድሮሊኩ የሚያገለግለው አንድ ዘይት ነው። ስለዚህ በካምቢዮው በኩል የገባ ውኃ ወይም ቆሻሻ ወደ ፓምፑም ይደርሳል።

ኦፕሬተሮች አንድ መሠረታዊ ነገር እንዲገነዘቡ ያስፈልጋል። ፓምፑ የሚያመነጨው የዘይት ፍሰትን ነው፤ ግፊት የሚፈጠረው ይህ ፍሰት ጭነት ሲገጥመውና መንገዱ ሲጠበው ነው። ግፊቱ ከተወሰነው መጠን በላይ እንዳይወጣ የሚጠብቅ የግፊት መገደቢያ ቫልቭ አለ፤ ጭነቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ይህ ቫልቭ ተከፍቶ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው ይመልሳል። በአነስተኛ ትራክተሮች ላይ ይህ ወሰን በአብዛኛው በ140 እና በ180 ባር መካከል ይገኛል።

የዚህን ግፊት ብርታት በምሳሌ ማየት ይቻላል። ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፒስተን ላይ 150 ባር ግፊት ሲያርፍ የሚገኘው ኃይል ወደ 3,000 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 30 ኩንታል የማንሳት አቅም ይሆናል። የአንድ የቤት መኪና ጎማ የሚይዘው ግፊት ከ2 እስከ 2.5 ባር ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ በትራክተር የሃይድሮሊክ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከዚያ ቢያንስ 60 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ እንረዳለን። ኃይሉ ይህን ያህል በመሆኑ ከምርመራ በፊት የደህንነት ሥርዓቱን መጠበቅ ግዴታ ነው።

2. ከማንኛውም ምርመራ በፊት የሚፈጸሙ የደህንነት ተግባራት

የሚከተሉት ተግባራት በቅደም ተከተላቸው መሠረት ይፈጸሙ።

ሀ) ትራክተሩን ደልዳላ መሬት ላይ ማቆም፣ የእጅ ፍሬን መያዝና ለጎማዎቹ ታኮ ማድረግ።

ለ) ማረሻውን፣ ሎደሩንና ሌላውንም ተቀጽላ ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ማሳረፍ።

ሐ) ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን መንቀል።

መ) ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሁሉንም የማዘዣ እጀታዎች ወደፊትና ወደኋላ ደጋግሞ በማንቀሳቀስ በቱቦዎቹ ውስጥ የቀረውን ግፊት ማስወጣት።

ሠ) ዘይቱ ሞቆ ከነበረ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፤ የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ማድረግ።

በሃይድሮሊክ ብቻ ተነስቶ በቆመ ማረሻ ወይም ሎደር ሥር መግባት በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ተቀጽላውን አየር ላይ የያዘው ዘይት ነው፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ወይም አንድ ልጅ እጀታውን ቢነካ ተቀጽላው ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል። ከሥር መሥራት የግድ ከሆነ፣ ተቀጽላው ክብደቱን በሚችል ጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ መቀመጥ አለበት። ክሪክ፣ የተደራረበ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ለዚህ አስተማማኝ ድጋፍ አይሆንም።

3. የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የደከመው ሁሉም ነው ወይስ አንዱ ብቻ?

የብልሽቱን ቦታ ለማጥበብ የሚረዳው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። የኋላ ማንሻው፣ ሎደሩና ከአንድ ፓምፕ ዘይት የሚያገኙ ሌሎች ክፍሎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ከደከሙ፣ ችግሩ ሁሉም በሚጋሩት መንገድ ላይ ነው፤ ዘይቱ፣ ማጣሪያው፣ የመምጠጫ ቱቦው፣ ፓምፑ ወይም ዋናው የግፊት መገደቢያ ቫልቭ ይመረመራል። ሎደሩ በደንብ እየሠራ የኋላ ማንሻው ብቻ ከደከመ ግን ፓምፑን መጠርጠር አያስፈልግም፤ ጉድለቱ በዚያው ክፍል ቫልቭ፣ ሲሊንደር፣ ቱቦ ወይም ማያያዣ ላይ ይፈለጋል። መሪው በአንዳንድ ሞዴሎች የራሱ ፓምፕ ያለው በመሆኑ፣ የመሪው መቅለል ብቻውን የማንሻው ፓምፕ ጤናማ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ጥያቄ ድክመቱ የፍጥነት ነው ወይስ የጉልበት የሚል ነው። ፍጥነት ከዘይት ፍሰት፣ ጉልበት ከግፊት ይመነጫል። ባዶውን ክንድ እንኳ በዝግታ የሚያነሳ ትራክተር የፍሰት ችግር አለበት፤ ዘይት እየደረሰው አይደለም ወይም ፓምፑ በቂ ዘይት እየገፋ አይደለም። ባዶውን በመደበኛው ፍጥነት አንስቶ ማረሻ ሲጫንበት እምቢ የሚል ትራክተር ደግሞ የግፊት ችግር አለበት፤ የመገደቢያው ቫልቭ ከወሰኑ በታች እየተከፈተ ነው ወይም ዘይት በውስጥ እያፈተለከ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ጊዜን ይመለከታል፤ ድክመቱ የሚታየው ጠዋት ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከሰዓታት ሥራ በኋላ? ጠዋት ተንጫጭቶ ከሞቀ በኋላ የሚስተካከል ከሆነ ዘይቱ ወፍራም መሆኑን ወይም ማጣሪያው መጥበቡን ያመለክታል። ጠዋት በርትቶ ሲሞቅ የሚደክም ከሆነ ግን ዘይቱ ሲቀጥን ባረጁ ክፍሎች መካከል ማፈትለኩን ያሳያል።

የእነዚህን 3 ጥያቄዎች መልስ በወረቀት ላይ ማስፈር ተገቢ ነው። ወደ ጋራዥ ሲኬድ ከየትኛውም ገለጻ ይልቅ መካኒኩን ይረዳል፤ ባለንብረቱንም ካላስፈላጊ ወጪ ይጠብቀዋል።

4. ዘይቱ ምን ይላል?

የዘይቱን መጠን በትክክል መለካት። የዘይት መጠን የሚለካው ተቀጽላው ሁሉ መሬት ላይ አርፎ፣ ሲሊንደሮቹ ተሰብስበው፣ ሞተሩ ጠፍቶና ትራክተሩ ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ሎደሩ ወይም ማረሻው ተነስቶ ሳለ ከተለካ፣ ከዘይቱ የተወሰነው በሲሊንደሮቹ ውስጥ ስለሚሆን የጎደለ ይመስላል፤ በዚህ ምክንያት ዘይት ቢጨመር ተቀጽላው ሲወርድ ከልክ በላይ ይሆናል። በአንጻሩ ደግሞ ዳገት ወይም ተዳፋት ላይ የሚሠራ ትራክተር ዘይቱ በጥቂቱ ቢጎድል እንኳ የመምጠጫው አፍ ከዘይት ውጭ ሆኖ አየር ሊስብ ይችላል።

የዘይቱን መልክ ማየት። ጥቂት ዘይት በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ለአንድ ሌሊት ማሳደር ብዙ ነገር ይገልጣል።

• ሲቀዳ አረፋ ኖሮት ካደረ በኋላ የጠራ ከሆነ፣ በዘይቱ ውስጥ የነበረው አየር ነው። አየሩ የሚገባበት ቦታ ይፈለግ።

• ወተት መስሎ አድሮም ያልጠራ ወይም ከሥሩ ውኃ ያቀረረ ከሆነ፣ ዘይቱ በውኃ ተበክሏል። ውኃው በአብዛኛው የሚገባው በተሰነጠቀ የማርሽ ዘንግ ጎማ፣ በላላ የዘይት ክዳን ወይም ትራክተሩ በኃይለኛ ውኃ ሲታጠብ ነው። ዘይቱና ማጣሪያው ሳይለወጡ መሥራት ፓምፑንና ካምቢዮውን ያዝጋል።

• ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ሥርዓቱ ለረጅም ጊዜ ከልክ በላይ ሲሞቅ ቆይቷል።

• በማጣሪያው ወይም በማግኔቱ ላይ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር መገኘቱ በጥቂቱ የተለመደ ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ቅራፊ ወይም ነሐስ መሰል ፍርፋሪ ከታየ ግን ከውስጥ የሚበላ ክፍል አለ ማለት ነው፤ ትራክተሩ ሥራ አቁሞ ለባለሙያ ይቅረብ።

የዘይቱን ዓይነት ማረጋገጥ። ለትራክተሩ የተፈቀደው ዘይት በአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት ወይም የተቃጠለ ዘይት በምትኩ መጨመር አይገባም። በተለይ የፍሬን ዘይት በሥርዓቱ ውስጥ ያሉትን የዘይት መከላከያ ጎማዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል፤ ተራ የሞተር ዘይት ደግሞ በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሬን ሊያንሸራትት ይችላል። ትራክተሩ ያገለገለ ሆኖ የተገዛና በውስጡ ያለው ዘይት የማይታወቅ ከሆነ፣ ዘይቱንና ማጣሪያውን በሙሉ ለውጦ በታወቀ ዘይት መጀመሩ ይመረጣል።

5. የሚታዩ ምልክቶችና መንስኤዎቻቸው

ጨርሶ አለማንሳት ወይም አለመውረድ

በመጀመሪያ የሚታዩት ምንም ወጪ የሌላቸው ነገሮች ናቸው። በብዙ አነስተኛ ትራክተሮች ላይ ከመቀመጫው ሥር የማውረጃ ፍጥነትን የሚቆጣጠር ክብ እጀታ አለ። ይህ እጀታ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ የተነሳው ማንሻ አይወርድም፤ ብዙዎች እንደ ከባድ ብልሽት የሚቆጥሩት ይህ እጀታውን በመክፈት ብቻ ይስተካከላል። በመቀጠል የማዘዣው እጀታ ከቫልቩ ጋር የሚገናኝበት ዘንግ አለመፈታቱን፣ ፒኑ አለመውደቁን፣ የሎደር ቱቦዎች ፈጣን ማያያዣዎችም እስከ መጨረሻው መግባታቸውን ማየት ያስፈልጋል። በከፊል የገባ ማያያዣ በውስጡ ያለው መዝጊያ ስለማይከፈት የዘይቱን መንገድ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

ቀጥሎ ጭነቱ ይመዘናል። ማረሻው ለትራክተሩ ከተፈቀደው የማንሳት አቅም በላይ ከሆነና በማንሳት ሙከራው ጊዜ የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ፣ የመገደቢያው ቫልቭ ሥራውን እየሠራ ነው። የተበላሸ ነገር የለም፤ ተቀጽላው ይቀነስ። ትራክተሩ የበለጠ እንዲያነሳ ሲባል የመገደቢያውን ቫልቭ ማጥበቅ ተገቢ አይደለም። ግፊቱ ከወሰኑ ሲያልፍ ቱቦ ይፈነዳል፣ ፓምፑ ይሰበራል፣ በአቅራቢያ ያለ ሰውም ይጎዳል።

በዝግታ ማንሳትና የጩኸት ድምፅ

ፓምፑ ሲጮኽና ማንሻው ሲዘገይ ፓምፑ በቂ ዘይት እያገኘ አይደለም ማለት ነው። ዘይት የተጠማ ፓምፕ በተደፈነ ማጣሪያ ምክንያት ሲጮኽ ድምፁ የማያቋርጥ ፉጨት መሰል ነው። አየር ሲስብ ግን ጠጠር እንደሚያላምጥ ይንኳኳል፤ ማንሻውም እየተንቀጠቀጠ ይነሳል። ሁለቱም ቸል ከተባሉ በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ ጤናማውን ፓምፕ በእርግጥም ሊያበላሹት ይችላሉ።

በብዙ ትራክተሮች ላይ ሁለት ማጣሪያዎች አሉ። አንደኛው ከውጭ የሚታየውና በየጊዜው የሚለወጠው ነው። ሁለተኛው በመምጠጫው አፍ ላይ የሚገኘው የሽቦ ወንፊት ሲሆን ታጥቦ ይመለሳል። ይህ ወንፊት ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ ለዓመታት ሳይታይ ይቆያል፤ የዘይት ለውጥ ተደርጎም ችግሩ ካልተወገደ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

አየር የሚገባበትን ቦታ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም በመምጠጫው መስመር ላይ ያለ ቀዳዳ ሞተሩ ሲሠራ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ዘይት ወደ ውጭ ላያንጠባጥብ ይችላል። ሞተሩ በጠፋበት ጊዜ በመምጠጫው ቱቦ ማሰሪያዎችና መጋጠሚያዎች ላይ ግሪስ በደንብ መቀባትና ከዚያ ሞተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት አስነስቶ ማዳመጥ ይረዳል። የፓምፑ ድምፅ ከቀነሰ ወይም ከተለወጠ አየር የሚገባው ግሪስ ከተቀባባቸው ቦታዎች በአንዱ ነው። መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ማሰሪያን ማጥበቅ ወይም የደረቀ የመጋጠሚያ ጎማ መለወጥ ብቻ ነው። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ወደ ቬንትሌተሩና ወደ ቺንጊያው እጅ ወይም ልብስ ማስጠጋት አይገባም።

ሞተር ሲጠፋ በራሱ መውረድ

የተነሳ ማረሻ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ቀስ ብሎ ቢወርድ በአብዛኞቹ ትራክተሮች ላይ የሚጠበቅ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ወደ መሬት የሚደርስ ከሆነ ወይም ሞተሩ እየሠራ ማንሻው ደጋግሞ ወረድ ከፍ የሚል ከሆነ ግን፣ በሲሊንደሩ የፒስተን ጎማ (ጎሚኒ) ወይም በቫልቩ ውስጥ ዘይት እያፈተለከ ነው። ይህን ፈትቶ መለየት የባለሙያ ሥራ ነው። የጎማው ዋጋ ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ በመሆኑ፣ ለዚህ ምልክት ፓምፕ እንዲለወጥ ከተመከሩ ማብራሪያ ይጠይቁ።

ማንሻው ጫፍ ሲደርስ መጮኽ

ማንሻው እስከ መጨረሻው ተነስቶም ፓምፑ መጮኹን ካላቆመ፣ ቫልቩ «በቂ ነው» የሚል ምልክት አላገኘም ማለት ነው። የክንዱን ከፍታ ወደ ቫልቩ የሚያስተላልፈው ዘንግ ታጥፎ ወይም ማስተካከያው ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ ሲሠራ ዘይቱ በመገደቢያው ቫልቭ በኩል ያለማቋረጥ ስለሚያልፍ ሥርዓቱን ያሞቀዋል። እስኪስተካከል ድረስ እጀታውን ከጫፍ ጥቂት መለስ አድርጎ መጠቀም ይቻላል።

ከልክ በላይ መሞቅ

ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ መቅጠንና መበላሸት ይጀምራል፤ ጎማዎችም ይደርቃሉ። የዘይት መጉደል፣ በጭቃና በገለባ የተሸፈነ ማቀዝቀዣ፣ እንዲሁም የማዘዣ እጀታን ጫፍ ላይ ይዞ መቆየት ዋና ዋና መንስኤዎች ናቸው።

6. የዘይት ፍሳሽ፦ እጅዎን አያስጠጉ

ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ ክፍል እንዳይረሳ እናሳስባለን። በቱቦ ላይ ያለ የመርፌ ቀዳዳ የሚያክል ስንጥቅ በዓይን የማይታይ ቀጭን የዘይት ጭላንጭል ሊረጭ ይችላል። ይህ ጭላንጭል ቆዳን ሰንጥቆ ወደ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ የሥራ ጓንትም አያስቆመውም። ስለዚህ ፍሳሽን በጣት ወይም በመዳፍ እየዳሰሱ መፈለግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ፍሳሽ የሚፈለገው የዓይን መከላከያ ተደርጎ፣ ከአካል ራቅ ተደርጎ በተያዘ ካርቶን ወይም እንጨት ነው፤ ዘይቱ ካርቶኑን ሲያረጥበው ቦታው ይታወቃል። ግፊት ያለበትን መጋጠሚያ ማጥበቅም የተከለከለ ነው፤ በቅድሚያ ሞተር ይጥፋ፣ ግፊትም ይውጣ።

ዘይት ወደ ቆዳ ከገባ ቁስሉ በመጀመሪያ የእሾህ ውጋት ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። ሕመሙም ቀላል በመሆኑ ብዙዎች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ነገር ግን ዘይቱ በሥጋው ውስጥ እየተሰራጨ በሰዓታት ውስጥ ከባድ እብጠትና የሥጋ መሞት ያስከትላል፤ ሕክምናው ሲዘገይ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ይደረሳል። በመሆኑም ጉዳቱ ያጋጠመው ሰው፦

• ሕመም ባይሰማውም ወዲያውኑ የቀዶ ሕክምና አገልግሎት ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይሂድ፤

• ለሐኪሙ «በከፍተኛ ግፊት ዘይት ወደ ቆዳዬ ገብቷል» ብሎ በግልጽ ይናገር፤ ቢቻል የዘይቱን ዕቃ ጽሑፍ ይዞ ይሂድ፤

• ቁስሉን አይሽ፣ አይጭመቅ፣ በሙቅ ውኃ አይዘፍዝፍ፤ እስኪነጋም አይጠብቅ።

7. ደጋና ቆላ፦ አካባቢው ለሃይድሮሊክ ያለው ትርጉም

ፓምፕ ዘይትን የሚያገኘው በማጠራቀሚያው ላይ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ዘይቱን ወደ ፓምፑ ስለሚገፋለት ነው። ከፍታ ሲጨምር ይህ ግፊት ይቀንሳል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ከሦስት አራተኛው በታች ነው። በዚህ ላይ የደጋው የጠዋት ቅዝቃዜ ዘይቱን ያወፍረዋል። ስለዚህ በቆላ ያለ ችግር የሚሠራ በከፊል የተደፈነ ማጣሪያ በደጋ ፓምፑን ሊያስጮኸው ይችላል። በሰሜን ሸዋ፣ በአርሲና በባሌ ደጋማ አካባቢዎች የሚሠሩ ኦፕሬተሮች ጠዋት ከባድ ጭነት ከማንሳታቸው በፊት ሞተሩን በመካከለኛ ፍጥነት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አሙቀው፣ ማንሻውንም ባዶውን ጥቂት ጊዜ አንስተው እንዲያወርዱ፣ ማጣሪያም ጊዜውን ሳያሳልፉ እንዲለውጡ ይመከራል።

በአንጻሩ እንደ ሁመራና መተማ ባሉ ሞቃታማ ቆላዎች ፈተናው የዘይቱ መቅጠን ነው። ማንሻው ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚደክም ከሆነ፣ ዘይቱ ለሙቀቱ የተፈቀደ ውፍረት ያለው መሆኑና የማቀዝቀዣው ንጽሕና አስቀድሞ ይረጋገጥ። ትራክተሩ ከአንዱ የአየር ንብረት ወደ ሌላው ለኪራይ ሥራ የሚዘዋወር ከሆነ፣ ስለ ዘይቱ ውፍረት የመመሪያ መጽሐፉን ሠንጠረዥ መመልከት ያስፈልጋል።

8. ፓምፑ በእርግጥ ማለቁ የሚታወቀው መቼ ነው?

የዘይቱ መጠንና ዓይነት ትክክል ሆኖ፣ ሁለቱም ማጣሪያዎች ንጹሕ ሆነው፣ አረፋ ሳይኖር፣ ሁሉም የሃይድሮሊክ ክፍሎች ቀርፋፋ ከሆኑ፣ ድክመቱም ዘይቱ ሲሞቅ የሚብስና የሞተር ፍጥነት ሲጨመር የሚሻሻል ከሆነ፣ ፓምፑን መጠርጠር ተገቢ ይሆናል። በአንጻሩ ትራክተሩ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ጉልበቱ እኩል ደካማ ከሆነና የሞተር ፍጥነት መጨመሩ ለውጥ ካላመጣ፣ የመገደቢያው ቫልቭ በቆሻሻ ምክንያት ሳይዘጋ ቀርቶ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጥገና ወጪ ከፓምፕ ለውጥ እጅግ ያነሰ ነው።

ሁለቱን በእርግጠኝነት የሚለየው የግፊት መለኪያ ጌጅና የፍሰት መለኪያ ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ ፓምፕ ለመግዛት ከመስማማቱ በፊት ለመካኒኩ «ግፊቱ በጌጅ ተለክቷል ወይ? ስንት ባር ሆነ? አምራቹ የጻፈውስ ስንት ነው?» የሚሉ ጥያቄዎችን ማቅረብ መብቱ ነው። በልኬት ያልተደገፈ የፓምፕ ለውጥ ግምት ብቻ ነው።

9. አገልግሎት ለማግኘት ሲመጡ ይዘው የሚቀርቡት መረጃ

የቴክኒክ ምክር ለማግኘት በቅድሚያ በአቅራቢያዎ ያለውን የልማት ሠራተኛ ወይም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። ወደ ጽሕፈት ቤቱም ሆነ ወደ ጋራዥ ሲሄዱ የሚከተሉትን አዘጋጅተው ይቅረቡ።

1ኛ. የትራክተሩ አምራች፣ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር፤

2ኛ. በሰዓት መቁጠሪያው ላይ የተመዘገበው የሥራ ሰዓት፤

3ኛ. ዘይቱና ማጣሪያው መጨረሻ የተለወጡበት ቀንና የዘይቱ ዓይነት፤

4ኛ. በክፍል 3 ለተጠቀሱት 3 ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ፤

5ኛ. ብልሽቱ ከመታየቱ በፊት የተደረገ ጥገና ወይም የተጨመረ ዘይት ካለ መግለጫው።

ትራክተሩ በዋስትና ጊዜ ውስጥ ከሆነ፣ ፓምፑንና ቫልቩን ራስዎ ወይም ያልተፈቀደለት ጋራዥ እንዳይፈታው። ይህ የዋስትና መብትዎን ሊያሳጣዎት ይችላል። ብልሽቱን ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቅጂውንና ያሳወቁበትን ቀን ይያዙ። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ለእያንዳንዱ ትራክተር የጥገና መዝገብ እንዲከፍቱ ይመከራል፤ ኦፕሬተር ሲለወጥ የትራክተሩ ታሪክ አብሮ እንዳይጠፋ ያደርጋል።

10. ከወቅቱ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ለመኸር እርሻ ትራክተሩ በሚያዝያና በግንቦት፣ በልግ በሚታረስባቸው አካባቢዎች ደግሞ ከየካቲት በፊት መፈተሽ አለበት። አዲስ ትራክተር ከሆነ የመጀመሪያው ማጣሪያ በብዙ ሞዴሎች ላይ ከ50 የሥራ ሰዓት በኋላ ይለወጣል፤ ምክንያቱም አዳዲስ ጥርሶች ሲላመዱ የሚወጣው የብረት ብናኝ በዚህ ጊዜ ይበዛል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በመመሪያ መጽሐፉ መሠረት ይፈጸማል።

ዘይት ከመጨመር በፊት የክዳኑ ዙሪያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። ውኃ፣ ናፍጣ ወይም የምግብ ዘይት የነበረበት ጀሪካን ለዚህ አገልግሎት አይዋል። ከለውጥ በኋላ ሞተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት አስነስቶ ማንሻውን ባዶውን ደጋግሞ በማንሳትና በማውረድ አየሩን ማስወጣት፣ ከዚያም ሁሉንም አሳርፎ መጠኑን እንደገና መለካት ያስፈልጋል። የወጣው አሮጌ ዘይት በዕቃ ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡ አካላት ይሰጥ፤ ወደ ማሳ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጉድጓድ ውኃ አካባቢ አይፈስስ።

እነዚህ ጥንቃቄዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ጥቂት ሰዓት፣ ንጹሕ ጨርቅና አንድ ማጣሪያ ነው። በሥራ ወቅት የሚያድኑት ግን ላልተበላሸ ፓምፕ የሚወጣን ገንዘብ፣ የሚያመልጥን የዘር ጊዜና የኦፕሬተሩን አካል ነው።